ዘጠኝ ጨዋታ አሸንፎ የተሰናበተ አሰልጣኝ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 2015 የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ዋና አሰልጣኝ ማርክ ሪክት ከኃላፊነታቸው መነሣታቸው ሲነገር፣ ቡድናቸው ገና በዋዜማው የግዛቱን ባላንጣ ጆርጂያ ቴክን በሜዳው 13 ለ 7 አሸንፎ ነበር። በዚያ ዓመት ከ12 ጨዋታ 9ኙን አሸንፈዋል። በጆርጂያ በቆዩባቸው 15 የውድድር ዘመናት ደግሞ 145 ጊዜ አሸንፈው 51 ጊዜ ብቻ ተሸንፈዋል። በዩኒቨርሲቲው ታሪክ ከእርሳቸው በላይ ያሸነፉት ቪንስ ዱሊ ብቻ ሲሆኑ፣ ዱሊም 201 ድሎቻቸውን ለመሰብሰብ 25 ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ይህን የመሰለ ውጤት ያለው ሰው ለምን ተሰናበተ በሚለው ጥያቄ ከአትላንታ እስከ አቴንስ ድረስ (የግሪኳ አይደለችም፤ ከአትላንታ በስተምሥራቅ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት) ዛሬም የሚከራከሩ ሰዎች አሉ፤ እኔም ከተከራካሪዎቹ አንዱ ነኝ። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሀገር ቤት ለመጣ ሰው ጨዋታው መጀመሪያ ላይ አይጥምም። አምስት ሰከንድ ሮጠው ግማሽ ደቂቃ ይመካከራሉ፤ ሰው ምን እንደሚያስጮኸው ግራ ይገባል። ነገር ግን በአትላንታ መሀል ከተማ ፓርኪንግ የሠራ ሐበሻ ሁሉ፣ ቢወድም ባይወድም፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያሉትን ቅዳሜዎች ከዚህ ጨዋታ ውጪ ሊያስባቸው አይችልም። ቀይና ጥቁር የለበሰው ሕዝብ ከጠዋት ጀምሮ ይጎርፋል፤ ማታ ሲመለስ ውጤቱን ሳትጠይቅ ከአረማመዱ ታውቀዋለህ። እኔ ጨዋታውን የተማርኩት ከቴሌቪዥን ይልቅ መኪናውን ሊወስድ ከሚመጣው ሰው ነው፤ ስለዚህ ሳይሆን አይቀርም፣ ሜዳ ላይ ካለው ይልቅ ደጋፊው ስለ አሰልጣኙ የሚሰጠው ፍርድ ሁልጊዜ የበለጠ የሚስበኝ።

ፍርዱን ለመረዳት ግን የውድድሩን አሠራር ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ 38 ጨዋታ አለ፤ ሦስት አራት ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ዋንጫ ሊያነሣ ይችላል። በአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል መደበኛው ጨዋታ 12 ብቻ ነው። ከዚህም በላይ፣ ሪክት አብዛኛውን ዘመናቸውን ባሳለፉበት፣ እስከ 2013 የውድድር ዘመን በዘለቀው ሥርዓት፣ ለብሔራዊ ሻምፒዮናው የሚጋጠሙት ሁለት ቡድኖች ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም የሚለዩት በድምፅ ሰጪዎችና በኮምፒውተር ስሌት ተደምሮ በሚወጣ ደረጃ ነበር። አንድ ሽንፈት የዓመቱን ልፋት ሊያበላሽ ይችላል፤ ሁለት ሽንፈት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያበላሻል። በኋላ አራት ቡድን የሚሳተፍበት ማጣሪያ መጣ፤ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ 12 ሆኗል። የሪክትን ዘመን በዛሬው መለኪያ የሚመዝኑ ሰዎች ይህን ልዩነት ሲዘሉት ይገርመኛል። በ2002 ጆርጂያ ሁለቱ ተጋጣሚዎች በሚለዩበት የመጨረሻ ደረጃ 3ኛ ነበር፤ በ2007 5ኛ፣ በ2012 7ኛ። የዛሬው ሥርዓት ቢኖር ኖሮ በሦስቱም ዓመታት ይገባ ነበር፤ በወቅቱ ግን በሦስቱም ውጪ ቀርቷል።

ሪክት በ2000 መጨረሻ ሲቀጠሩ የ40 ዓመት ሰው ነበሩ፤ ከዚያ በፊት ዋና አሰልጣኝ ሆነው አያውቁም። በፍሎሪዳ ስቴት በቦቢ ባውደን ሥር የማጥቃቱን ክፍል ይመሩ ነበር። የተኩት ጂም ዶናን በ5 ዓመት 40 ጨዋታ አሸንፈው የተባረሩ ሰው ናቸው፤ ማለትም ጆርጂያ ጥሩ የሚባል አሰልጣኝን ‘አይበቃም’ ብሎ ማሰናበትን በሪክት አልጀመረውም። ዩኒቨርሲቲው የደቡብ ምሥራቁን ኮንፈረንስ (የአካባቢውን ዩኒቨርሲቲዎች ሊግ)፣ ሰው ኤስ ኢ ሲ የሚለውን፣ ካሸነፈ ሊሞላ 20 ዓመት ቀርቦ ነበር፤ የመጨረሻው በ1982 በኸርሼል ዎከር ጊዜ ነው። የመጨረሻው ብሔራዊ ዋንጫም በ1980 የተነሣው ነበር። አዛውንቶቹ ደጋፊዎች ስለ 1980 ሲያወሩ የሰማ ሰው፣ ከዚያ ወዲህ በዚያች ግዛት ሌላ ነገር የተፈጸመ አይመስለውም።

አዲሱ አሰልጣኝ በመጀመሪያው ዓመታቸው ወደ ቴነሲ ሄደው ሊያልቅ 5 ሰከንድ ሲቀረው በተገኘ ተችዳውን (ኳሱን የተቃራኒ ግብ ክልል በማድረስ በሚገኝ ነጥብ) 26 ለ 24 አሸነፉ። በሁለተኛው ዓመት 13 አሸንፈው 1 ብቻ ተሸነፉ፤ አርካንሳስን 30 ለ 3 ረትተው የኮንፈረንሱን ዋንጫ ወደ አቴንስ መለሱ። በ2005 ኤል ኤስ ዩን 34 ለ 14 አሸንፈው ደገሙት። እንግዲህ ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ደጋፊ አሰልጣኝን የሚለካው ባገኘው ውጤትና በጠበቀው ውጤት መካከል ባለው ርቀት ነው፤ የሚጠብቀውን ከፍ ያደረገለት ደግሞ ራሱ አሰልጣኙ ነው። በ2001 ስምንት ጨዋታ ማሸነፍ ምስጋና ያስገኛል፤ በ2009 ያው ስምንት ድል ወቀሳ ያስከትላል። ሪክት በ2002 የተበደሩትን ተስፋ ቀሪውን 13 ዓመት ሲከፍሉ ኖሩ ብዬ አምናለሁ።

2008ን ያላየ ሰው ይህን አይረዳም። ያለፈውን ዓመት፣ ከመዝጊያ ጨዋታዎቹ በኋላ በወጣው የጋዜጠኞች ደረጃ፣ ከአገር 2ኛ ሆነው ጨርሰዋል፤ አዲሱ ዓመት ሳይጀመር ድምፅ ሰጪዎቹ 1ኛ አድርገዋቸዋል። ኳርተርባኩ (ማጥቃቱን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው) ማቲው ስታፎርድ፣ ሯጩ ኖሾን ሞሬኖ፣ አዲሱ ተቀባይ ኤ ጄ ግሪን በአንድ ቡድን ውስጥ ነበሩ። አላባማ በመስከረም ወደ አቴንስ ሲመጣ ተጫዋቾቹ ጥቁር ማሊያ ለብሰው ወጡ፤ ከ90 ሺህ በላይ የሚይዘው ሳንፎርድ ስታዲየምም በጥቁር ተሞላ። እረፍት ሲወጡ ውጤቱ 31 ለ 0 ነበር፤ ለአላባማ። ጨዋታው በ41 ለ 30 ቢያልቅም የመጀመሪያውን አጋማሽ የረሳ ሰው የለም። ዓመቱን 10 አሸንፈው 3 ተሸንፈው ጨረሱ፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሐውልት የሚያስቆም ውጤት ነው። በጆርጂያ ግን ‘በዚህ ሁሉ ተሰጥኦ ይህ ብቻ?’ አስባለ፤ ስታፎርድ በቀጣዩ ዓመት ፕሮፌሽናል ቡድኖች ከኮሌጅ ተጫዋች ሲመርጡ የመጀመሪያው ሆኖ ሲወሰድ ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ከበደ። ይህን ወቀሳ ተገቢ ከማይባሉት ውስጥ አልመድበውም፤ በእርግጥም የዚያ ቡድን አቅምና ውጤት አልተመጣጠነም።

ከዚያ በኋላ ቁልቁል ሄደ። በ2009 ስምንት ድል፣ በ2010 ደግሞ 6 አሸንፈው 7 ተሸንፈው፣ መጨረሻ ላይ በሴንትራል ፍሎሪዳ 10 ለ 6 ተረቱ። ያኔ ብዙው ሰው አበቃላቸው ብሎ ነበር፤ አላበቃም።

ዲሴምበር 1 ቀን 2012 የኮንፈረንሱ ፍጻሜ በአትላንታው ጆርጂያ ዶም ስታዲየም ነበር፤ ጆርጂያ ከአላባማ። ያሸነፈው ለብሔራዊው ዋንጫ ከኖትር ዳም ጋር እንደሚጋጠም የታወቀ ነው። እኔ ከስታዲየሙ ብዙ በማይርቅ ፓርኪንግ ተረኛ ነበርኩ፤ ከእኔ ጋር የነበሩት በዕድሜ የገፉ፣ ሁላችንም ‘ጋሼ’ የምንላቸው የሥራ ባልደረባዬ ትንሿን ሬዲዮ ከፍተው ይሰሙ ነበር። አላባማ 32 ለ 28 ይመራል። ኳርተርባኩ አሮን መሪ ቡድኑን ሜዳውን ሙሉ አሻግሮ ከግቡ መስመር 8 ያርድ (ከሜትር ጥቂት የሚያንስ መለኪያ ነው) ላይ አድርሶታል፤ ሰዓቱ እየሮጠ ነው፣ ጆርጂያ ሰዓት ለማስቆም የሚጠራው የእረፍት ጊዜ አልቋል። ኳሱን መሬት ላይ መትቶ ሰዓቱን ማስቆም ይቻል ነበር። ሪክትና ረዳቶቻቸው ተከላካዩ ሳይደራጅ መጫወትን መረጡ። አሮን መሪ ወደ ጥግ ሲወረውር የአላባማው ሲ ጄ ሞስሊ በእጁ ነካው፤ አቅጣጫውን የሳተው ኳስ ክሪስ ኮንሊ ላይ አረፈ፤ ኮንሊም በደመ ነፍስ ያዘው። ባይይዘው ኖሮ ሰዓቱ ይቆም ነበር። 5ኛው ያርድ ላይ ወደቀ፤ ሰዓቱም አለቀ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሕዝቡ መመለስ ጀመረ። አንድ ቀይ ሹራብ የለበሰ ሰው ቁልፉን ተቀብሎ መኪናው ውስጥ ገባ፤ ሞተር ሳያስነሣ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ቁጭ አለ። ከኋላው የተሰለፉት ጥሩንባ ሲነፉበት ሄጄ መስኮቱን አንኳኳሁ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ‘ለምን መሬት ላይ አልመቱትም?’ አለኝ፤ እኔ ሪክት የሆንኩ ይመስል። ወደ ቦታዬ ስመለስ ጋሼን ጠየቅኳቸው፤ ‘ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?’ ‘ልጄ፣ ኳሱ ሳይነካ ጥጉ ላይ ቢያርፍ ኖሮ ይህ ሁሉ ሰው ጎበዝ ሊላቸው አልነበር?’ አሉኝ።

እርሳቸው በዚያች ምሽት ያሉት ነገር ስለ ሪክት ስም ከሰማሁት ሁሉ የተሻለ ነው። አላባማ ከዚያ ሄዶ ኖትር ዳምን 42 ለ 14 ደበደበ፤ ስለዚህ ያቺ 5 ያርድ ብትሞላ ሪክት በ2012 የብሔራዊ ዋንጫ ባለቤት ሊሆኑ ይችሉ እንደነበር መገመት ቀላል ነው። ‘ትልቁን ጨዋታ ማሸነፍ አይችሉም’ የሚለው ስም ያኔ አይኖርም ነበር። ሰውየው ያው ሰው፣ ቡድኑ ያው ቡድን፣ ውሳኔውም ያው ውሳኔ ሆኖ ማለት ነው።

ከዚህ የባሰ መሠረት የሌለው ሆኖ የማገኘው ግን ‘ደግ ስለሆኑ ነው ያላሸነፉት’ የሚለውን ክስ ነው። ሪክት ሃይማኖተኛ ናቸው፤ አይሳደቡም፣ ጋዜጠኛ ላይ አይጮሁም። በ1999 ከባለቤታቸው ጋር ከዩክሬን ሁለት ሕፃናትን በጉዲፈቻ ወስደው አሳድገዋል። ዩኒቨርሲቲው ለአንዳንድ ረዳቶቻቸው ጭማሪ ባልሰጠበት ጊዜ ከኪሳቸው ከፍለው፣ ይኸው ክፍያ ደንብ ተላልፏል ተብሎ በቀላል ጥፋትነት ተመዝግቧል። በጎነታቸው ለደጋፊው የሚያኮራ ሆኖ የሚታየው ባሸነፉ ሳምንት ብቻ ነበር። በተሸነፉ ሳምንት ያው በጎነት ልፍስፍስነት ይባላል፤ ተጫዋቾቹን መቆጣጠር አቅቷቸዋል የሚለው ቀልድም የአገሩ መሳቂያ ሆኖ ነበር።

እውነታው ተቃራኒ ነው። ጆርጂያ ከብዙ ተቀናቃኞቹ የጠበቀ የሥነ ምግባር ደንብ ነበረው፤ ሪክትም ተጫዋች ከማገድና ከማሰናበት አልተመለሱም። በ2012 መጀመሪያ ደንብ ጥሰዋል ብለው ካሰናበቷቸው መካከል ኒክ ማርሻል የተባለ ወጣት ይገኝበታል። ማርሻል በሌላ ኮሌጅ አድርጎ አውበርን ዩኒቨርሲቲ ገባና ኳርተርባክ ሆነ። በኖቬምበር 2013 አውበርን በጆርጂያ ሊሸነፍ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩት፣ በአራተኛውና በመጨረሻው ሙከራ ኳሱን ላለመነጠቅ 18 ያርድ ወደፊት መሄድ ሲፈለግበት፣ ማርሻል ኳሱን በሩቁ ለቀቀው፤ ሁለት የጆርጂያ ተከላካዮች ሊያከሽፉት ዘልለው እርስ በርስ ተጋጩ፣ የነኩትም ኳስ በሪካርዶ ሉዊስ እጅ ገባ። 73 ያርድ፣ ተችዳውን፤ 43 ለ 38። አውበርን በዚያ ዓመት እስከ ብሔራዊው ፍጻሜ ደረሰ። ሪክት ልጁን ባያሰናብቱት ኖሮ ‘ሥርዓት የላቸውም’ ይባሉ ነበር፤ ቢያሰናብቱትም ያሰናበቱት ሰው አሸነፋቸው። እንዲህ ያለውን ነገር በየትኛው ዓምድ እንመዝግበው?

ለሪክት የምከራከረውን ያህል የማልከራከርላቸው ነገርም አለ። ከዋነኛው ባላንጣ ከፍሎሪዳ ጋር 15 ጊዜ ገጥመው ያሸነፉት 5 ብቻ ነው፤ ይህ በዕድል አይመካኝም። በመጨረሻው ዓመታቸው በፍሎሪዳ 27 ለ 3 የተሸነፉበት፣ ያልተፈተነ ኳርተርባክ አሰልፈው የወጡበት ጨዋታ ዝግጅት የጎደለው ነበር። በዓመት 4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚከፈለው ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብለት ደጋፊው ጨካኝ ነው ማለት አይቻልም። የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል ቢባልም አንዳንዱ ምሣር ትክክለኛ ቦታ ላይ ያረፈ ነበር።

ስለ ገንዘቡ ከተነሣ ግን የሚባል ነገር አለ። አላባማ በአሰልጣኙ በኒክ ሴባን ዘመን ለረዳቶች፣ ለተጫዋች ምልመላና ለመለማመጃ ስፍራ ያለ ገደብ ሲያወጣ፣ ጆርጂያ እጁ የታሠረ ነበር። ጣሪያ ያለው ሙሉ የመለማመጃ ሜዳ እንኳ የተጠናቀቀው ሪክት ከሄዱ በኋላ በ2017 ነው። ተተኪያቸው ከርቢ ስማርት፣ የጆርጂያ የቀድሞ ተጫዋችና የሴባን ረዳት፣ ሲቀጠሩ አላባማ ያወጣውን ያህል ማውጣትን ይዘው መጡ፤ ዩኒቨርሲቲውም እሺ አለ። በመጀመሪያ ዓመታቸው 8 አሸንፈው 5 ተሸንፈዋል፤ በሜዳቸው በቫንደርቢልት 17 ለ 16 መረታትን ጨምሮ። ያኔ ሪክትን የናፈቀው ሰው ብዙ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን ብሔራዊው ፍጻሜ ላይ ደረሱ፤ ጃንዋሪ 2018 አትላንታ ላይ በተጨማሪ ሰዓት በአላባማ 26 ለ 23 ተሸነፉ። እዚያ ያደረሷቸው ኒክ ቸብ፣ ሶኒ ሚሼልና ሮክዋን ስሚዝ ሪክት የመለመሏቸው ልጆች ናቸው። ከዚያ የ2021ና የ2022 የውድድር ዘመን ዋንጫዎች ተከታትለው መጡ፤ የሁለተኛው ፍጻሜ በቲ ሲ ዩ ላይ 65 ለ 7 አለቀ።

ከሁለቱ ዋንጫዎች በኋላ ‘ይኸው፣ ማሰናበቱ ትክክል ነበር’ የሚለው ወገን ክርክሩን የዘጋው መስሎታል። ማሰናበቱ አስፈልጎ ሊሆን ይችላል፤ እኔም ወደዚያው አዘነብላለሁ። ዩኒቨርሲቲው ሪክት እያሉ ያን ያህል ወጪ ለማውጣት የሚነሣሣ አይመስለኝም፤ የመጣ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ ሳምንቱ የሚጠይቀውን 15 ዓመት የቆየ ሰው በጨዋነት ሳይጠይቅ ይኖራል። ነገር ግን የተተኪ ስኬት የቀዳሚን ውጤት ወደ ኋላ ተመልሶ ሊቀንሰው አይችልም። 145ቱ ድል በ2016ም 145 ነበር፤ በ2023ም ያው ነው።

የሀገሬ አንባቢ ይህን ሲያነብ አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ትዝ ሳይሉት አይቀሩም። ዋልያዎቹን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አብቅተው፣ ለዓለም ዋንጫው የመጨረሻ ማጣሪያ ከናይጄሪያ ጋር አድርሰው፣ በ2014 መጀመሪያ በቻን ውድድር ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፈው ሲመለሱ ተሰናበቱ። ከእርሳቸው በኋላ የመጣው ግን እንደ ስማርት ዋንጫ አላነሣም፤ ስለዚህ የእርሳቸው ስም በሀገር ቤት ከዓመት ዓመት እያማረ ሄደ። ሪክት ይህ ዕድል አልገጠማቸውም።

ሪክት ከጆርጂያ እንደወጡ በተጫወቱበት ማያሚ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት አሠልጥነው፣ 26 አሸንፈው 13 ተሸንፈው በ2018 መጨረሻ በቃኝ አሉ። በ2019 የልብ ሕመም አጋጠማቸው፤ በ2021 ፓርኪንሰን እንዳለባቸው ራሳቸው ተናገሩ። በ2023 የኮሌጅ ፉትቦል የክብር መዝገብ ውስጥ ስማቸው ገባ፤ ሙዚየሙም እዚሁ አትላንታ መሀል ከተማ ይገኛል። ሕመሙ ከታወቀ ወዲህ ስለ እርሳቸው የሚነገረው ሁሉ ለስልሷል። ይህ ለውጥ ሰብአዊ መሆኑ ባይጠፋኝም ደስ አይለኝም፤ ያኔ ያሸማቀቃቸው ሰው ዛሬ በሐዘኔታ ያነሣቸዋል እንጂ ፍርዱን አልመረመረም። ሪክት የሚገባቸው ሐዘኔታ ሳይሆን ትክክለኛ ቆጠራ ነው።

ለቆጠራው ያህል አንድ ነገር ልጨምር። ‘ትልቁን ጨዋታ አይችሉም’ የተባሉት ሪክት አላባማን 6 ጊዜ ገጥመው 3 አሸንፈው 3 ተሸንፈዋል። ስማርት እስከ 2024 መጨረሻ 7 ጊዜ ገጥመው ያሸነፉት 1 ጊዜ ብቻ ነው፤ ያቺ አንዷ ግን ጃንዋሪ 2022 ኢንዲያናፖሊስ ላይ ለብሔራዊው ዋንጫ የተደረገችው፣ 33 ለ 18 ያለቀችው ናት። ጃንዋሪ 2025 ጆርጂያ በኖትር ዳም 23 ለ 10 ተሸንፎ ከ12ቱ ማጣሪያ ሲወጣ፣ በማግስቱ ነዳጅ ልቀዳ በቆምኩበት አንድ ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሰው ስለ ስማርት ለጓደኛው ሲያማርር ሰማሁ፤ ሁለቱ ዋንጫዎች ድሮ እንደቀሩና ዘንድሮ የማጥቃቱ ነገር እንዳልሆነለት ይዘረዝር ነበር፤ የኮንፈረንሱን ዋንጫ ካነሡ ገና አንድ ወር አልሞላቸውም።